የምክር ዓምድ፦ የአባቴን ድርጅት ማን ይረከብ?

ደብዳቤው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የ37 ዓመት ሴት ነኝ። አባቴ አቃቂ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመለኪያ መሣሪያ ጠጋኝ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ በ1985 ዓ.ም. የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። ዛሬ 19 ሠራተኞች አሉን። የግፊት ጌጅ፣ ቴርሞሜትርና ሚዛን እንሸጣለን፣ እንጠግናለን፣ የካሊብሬሽን (መሣሪያው በትክክል መለካቱን የማረጋገጥ) ሰርተፊኬት እንሰጣለን። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ ላቦራቶሪውን የምመራው እኔ ነኝ። እናታችን ከአምስት ዓመት በፊት አርፋለች። አባታችንን አምና ስትሮክ መታው፤ ንግግሩ ተመልሷል፣ ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። ትንሽ ሲሻለው ‹ድርጅቱን የሚረከበው በኩሩ ነው› ብሎ ቨርጂኒያ ያለውን ታላቅ ወንድሜን ጠራው። ወንድሜ ሥራውን አያውቀውም፤ እምቢ ለማለትም አልደፈረም። ነጋዴ የሆነው ታናሽ ወንድሜ አባታችን ከታመመ ወዲህ ቢሮውን ይዞ፣ ‹ቦታው ውድ ነው፣ እንሽጠው› ይላል። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ቸኮልኩ ስላለው ብቻ፣ ላልተፈተሹ አራት የቦይለር (የእንፋሎት ማፍያ) ጌጆች ሰርተፊኬት ፈርሞ ሰጠ። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ይደነግጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ? የሚገባኝን ቦታ ልጠይቅ ወይስ ወጥቼ የራሴን ልክፈት?»
ልጅቷ፣ ከቃሊቲ

እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ያነበበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ አባትሽ ወንበር ነው። እኔን ያስጨነቁኝ ግን አራቱ ጌጆች ናቸው። የውርሱ ጉዳይ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ማንም አይጎዳም፤ ቦይለሩ ግን ዛሬም እየነደደ ነው።

አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ፣ ለሌላው አንባቢ ስል ልግለጸው። በጌጁ ሆድ ውስጥ እንደ ማጭድ የታጠፈች ቀጭን የብረት ቱቦ አለች፤ ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብት ያወጣባት ናት። ግፊት ሲገባባት ልትቃና ትሞክራለች፤ ያቺ በዓይን የማትታይ እንቅስቃሴ በጥርሶች ተላልፋ መርፌዋን ታዞራለች። መግቢያዋ በዝቃጭ ከተደፈነ ወይም መርፌዋ ከተጣበቀች፣ ጌጁ 6 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) እያሳየ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። ቦይለሩን የሚጠብቀው ሰው ይህን ማየት የሚችልበት ሌላ ዓይን የለውም። «ግፊት ሲበዛ እንፋሎቱን የሚያስወጣ ሴፍቲ ቫልቭ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ሴፍቲ ቫልቩስ በስንት ባር እንደሚከፈት የሚታየው በየትኛው ጌጅ ነው?

ስለዚህ ነገ ጠዋት የተፈተሹ አራት ጌጆች ይዘሽ ደንበኛው ዘንድ ሂጂ። የድሮዎቹን አስፈትተሽ አምጫቸው፤ የተሰጠው ሰርተፊኬት መሰረዙን በድርጅቱ ማኅተም በደብዳቤ አሳውቂ፤ ቅጂውን ፋይል ውስጥ አስቀምጪ። የአራት ጌጅ ዋጋ ኪሳራ ነው፣ ይሁን። ደንበኛው ይቆጣ ይሆናል፣ ይሁን። ለዚህ የማንንም ወንድም ፈቃድ አትጠብቂ፤ ላቦራቶሪውን የምትመሪው አንቺ ነሽ፣ በላቦራቶሪው ስም የወጣ ወረቀት የሚመለከተው በመጀመሪያ አንቺን ነው።

ከዚያ ለአባትሽ ንገሪው። አዎ፣ ለታመመው አባትሽ። ሐኪሙን አማክሪና ጠዋት፣ በደንብ ባረፈበት ሰዓት፣ ነገሩን ከተስተካከለበት መንገድ ጋር አብረሽ አቅርቢለት፦ «አባዬ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ተሠርቶ ነበር፤ ጌጆቹን መልሰናል፣ ሰርተፊኬቱን ሰርዘናል።» ዕድሜውን ሁሉ የሰው መሣሪያ ሲያርም የኖረ ሰው ነው፤ የራሱ ቤት የሚያሳየውን ቁጥር ብትደብቂው በኋላ ከማንም ሲሰማ ይበልጥ ይጎዳል። ደግሞም «በኩሬ ልጄ ይረከብ» ያለው ይህን ሳያውቅ ነው። ባልተሟላ መረጃ የተሰጠ ፍርድ ላይ ለምን ትከራከሪያለሽ? መጀመሪያ መረጃውን አሟዪለት።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ።

እንደ አባትሽ ያለ ሥራ ከትንሽ ክፍል ተነሥቶ ሦስተኛ ትውልድ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማየት ከፈለግሽ፣ በሙያችሁ ስሙን የማታውቁት አይመስለኝም፦ ኤንድረስ ፕላስ ሃውዘር። እ.ኤ.አ. በ1953 በጀርመንና በስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ባለችው በሎራኽ ከተማ ሁለት ሰዎች መሠረቱት። አንደኛው ጌኦርግ ኤንድረስ የሚባል የ29 ዓመት ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ሁለተኛው ሉድቪግ ሃውዘር፣ ከእሱ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ጀርመናዊ የባንክ ሰው። መጀመሪያ የሸጡት የራሳቸውን ሥራ አልነበረም፤ በጋን ውስጥ ያለን ፈሳሽ ወይም ዱቄት ከፍታ የሚለካ የእንግሊዝ መሣሪያ እያስመጡ ነበር። የራሳቸውን መሥራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሃውዘር እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሞት ኩባንያው የኤንድረስ ቤተሰብ ብቻ ሆነ። ኤንድረስ ስምንት ልጆች ነበሩት። ስምንት! አንቺ በሦስት ተጨንቀሻል።

በኔ ግምት ከዚህ ታሪክ ለአንቺ የሚጠቅመው አጀማመሩ ነው። መሐንዲሱ ብቻውን አልጀመረም፤ ገንዘብ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝና ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ላቦራቶሪው፣ ስለ ሰርተፊኬቱ፣ ስለ አባትሽ እጅ ጽፈሻል። ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ለሚቀጥለው ዕቃ የውጭ ምንዛሪ ከየትኛው ባንክ እንደተጠየቀ፣ ኤልሲው (ባንኩ ለአስመጪ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) የት እንደደረሰ አንዲት ቃል የለም። ምናልባት ቦታ ስላነሰሽ ነው። ምናልባት ደግሞ ያንን ሁሉ እስካሁን የተሸከመው አባትሽ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህም ያ የተናደድሽበት ታናሽ ወንድምሽ ስለሆነ ነው። ላቦራቶሪ መምራትና ድርጅት መምራት ሁለት ሥራ ነው። ሁለተኛውን ትችያለሽ ወይ ብሎ አባትሽ ቢጠይቅ፣ ሴት ስለሆንሽ ነው ብለሽ ከመቆጣትሽ በፊት መልስ ይኑርሽ። የሦስት ዓመቱን የሂሳብ መዝገብ ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ይህን ሳታደርጊ የሥራ አስኪያጅነት ጥያቄ አታንሺ።

ሴት መሆንሽ ጉዳዩ ውስጥ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። «በኩር» የሚለው ቃል ታላቅ ወንድምሽን ብቻ ሲጠራ ሁላችንም የምናውቀው ልማድ ነው። የግፊት ጌጅ የሚሠራውን ቪካን ግን ለአባትሽ ልታነሺለት ትችያለሽ፤ ምናልባት በመደርደሪያችሁ ላይ የእሱ ጌጅ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1946 በጀርመን ክሊንገንበርግ የተመሠረተ የዊጋንድ ቤተሰብ ኩባንያ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ኩባንያውን ለረዥም ዓመታት የመራችው ኡርሱላ ዊጋንድ የምትባል ሴት ናት። ግፊት መለኪያው ሴት መራችኝ ብሎ ቁጥር አልሳተም።

ወደ ኤንድረሶች ልመለስ። ጌኦርግ ኤንድረስ አመራሩን እ.ኤ.አ. በ1995 ለልጁ ለክላውስ ሲያስረክብ በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ2008 ነው። ይህ ማለት ከአሥር ዓመት በላይ፣ ያስረከበውን ቤት ሲሄድ እያየ ኖረ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ርክክብ የሚጀምረው ከአርባው በኋላ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙው ቤት ፍርድ ቤት የሚገናኘው። ከዚያ ክላውስ ራሱ በ2014 ወንበሩን የለቀቀው ለእኅት ወይም ለወንድም አልነበረም፤ በኩባንያው ውስጥ ያደገ፣ ከቤተሰቡ ያልሆነ ማቲያስ አልተንዶርፍ የሚባል ሰው ተረከበ። በ2024 ደግሞ ፒተር ዜልደርስ፤ እሱም ባዳ ነው። ቤተሰቡ ግን ባለቤትነቱን አልለቀቀም፤ የልጅ ልጆች በተቆጣጣሪ ቦርዱ ውስጥ አሉ፤ ቤተሰቡ የሚተዳደርበት የጽሑፍ ደንብም አለው። በ2024 ወደ 17,000 የሚጠጋ ሠራተኛ የነበረው፣ በ2023 ከ3.7 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የሸጠ ኩባንያ ነው።

ይህን ያነሣሁት አሥራ ዘጠኝ ሰው ያለው ወርክሾፕ ተቆጣጣሪ ቦርድ ያስፈልገዋል ለማለት አይደለም። ባለቤት መሆንና ሥራ አስኪያጅ መሆን ተለያይተው ሊኖሩ እንደሚችሉ አባትሽ ከራሱ ሙያ ምሳሌ ካየ፣ የሦስት ልጆች አባት ሆኖ አንዱን መምረጥ አይከብደውም። አሁን የተጨነቀው ምናልባት ወንበሩን ለአንቺ ከሰጠ ወንዶቹን የካደ ስለሚመስለው ነው። ሦስታችሁም ባለድርሻ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ድርሻ ያለው ትርፉን ይካፈላል፣ በዓመት አንዴ ሂሳብ ይጠይቃል፤ የሚሠራው ደግሞ ደመወዝ ይከፈለዋል። ታላቅ ወንድምሽ ከቨርጂኒያ ሳይመጣ በኩርነቱ ይከበርለታል፤ ከፈለገ የባለድርሻዎች ሰብሳቢ ይሁን።

እሱን ግን ዛሬውኑ ደውለሽ አናግሪው። ሽማግሌ አትላኪ፣ በቤተሰቡ የዋትስአፕ ቡድን ላይም አትጻፊ፤ ለብቻው ደውዪለት። እምቢ ለማለት ያልደፈረ ሰው አንድ ሰው እንዲያወጣው እየጠበቀ ነው። በዚያ ያለው ሥራ፣ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ተትቶ የሚመጣበትን ነገር አባትሽ አልጠየቀውም፤ አንቺ ጠይቂው። «መምጣት ትፈልጋለህ?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በዪ። እፈልጋለሁ ካለ፣ ያንጊዜ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ። እኔ ግን የሚለው አይመስለኝም።

ታናሹ ይከብዳል። በፈረመው ወረቀት ተናድጃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ሰርተፊኬት ላይ ብዕሩን ማሳረፍ የለበትም፣ ይህ ድርድር የለውም። ነገር ግን ንግድ የሚያውቅ፣ ደንበኛ የሚያናግር፣ ባንክ ቤት የሚመላለስ ሰው ነው። ማን ያውቃል፣ ሃውዘርሽ እሱ ቢሆንስ? ሁለት ፊርማ አድርጉት፦ የቼኩ ከእሱ ጋር በጣምራ፣ የሰርተፊኬቱ ከላቦራቶሪው ብቻ። ይህን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ፣ አባትሽ ባለበት። በካሊብሬሽን ሥራ የታወቀው አይኤስኦ 17025 መስፈርትም ላቦራቶሪ ከንግድ ግፊት ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ወንድምሽን ለማዋረድ የወጣ ደንብ አይመስልበትም። ደንበኛ ሲቸኩልበትም «ፈራሚው እኔ አይደለሁም» ብሎ ማምለጫ ያገኛል።

ስለ መሸጥ ያለው ሐሳብም ኃጢአት አይደለም። ቤቲ ሆላንደር የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1962 ኦሜጋ ኢንጂነሪንግን ከቤቷ ሆና የሙቀት መለኪያ ሽቦ በመሸጥ ጀመረች፤ በ2011 አረፈች፤ በዚያው ዓመት ኩባንያው ስፔክትሪስ ለተባለ የእንግሊዝ ድርጅት በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። መሥራቿን የካደ የለም። ኩባንያ መሸጥና ቦታ መሸጥ ግን ይለያያል። ኦሜጋ ከነስሙ፣ ከነዕቃው፣ ከነደንበኛው ነው የተሸጠው። ወንድምሽ የሚያወራው አጥሩ ውስጥ ስላለው ካሬ ሜትር ነው። መሸጥ ከተፈለገ መጀመሪያ ድርጅቱ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚያወጣ ይገመት፤ ያለዚያ አሥራ ዘጠኝ ሰው በትኖ የመጋዘን ኪራይ ማስላት ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ወንድምሽም አባትሽም ሳያስተውሉት የቀረ የሚመስለኝ የሕግ ነገር አለ። እናታችሁ ካረፈች አምስት ዓመት ሆኗል። ውርሷ ተጣርቷል? በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የባልና የሚስት የጋራ ነው። ኑዛዜ ከሌለ የእናታችሁ ግማሽ የሚተላለፈው ለልጆቿ በእኩል ነው፤ ባል በሕጋችን የሚስቱ ሕጋዊ ወራሽ አይደለም። ድርጅቱ በትዳር ዘመናቸው የተከፈተ ከሆነ፣ አባትሽ «የእኔ» የሚለው ድርጅት ግማሹ ከአምስት ዓመት ጀምሮ የእናንተ የሦስታችሁ ሊሆን ይችላል። ይህን አባትሽ ላይ እንደ ክስ እንዳታነሺበት፤ ለሞት የደረሰ ሰው ላይ የሚወረወር ነገር አይደለም። ቦታውን ልሽጥ ለሚለው ግን ይነገረው፦ እንዲያ ከሆነ ያለ ሁላችሁም ፊርማ ማንም ቦታውን ሊሸጥ አይችልም። ንግድ ፈቃዱ በአባትሽ በግል ስም ነው ወይስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው? ማኅበር ከሆነ መመሥረቻ ጽሑፉ ባለድርሻ ሲሞት ስለሚሆነው ምን ይላል? በግል ስም ከሆነ ደግሞ አባትሽ ሳለ ወደ ማኅበር መለወጡን ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩበት። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ መንገዱን ሰፋ አድርጎታል።

«ተናግሬአለሁ» ማለቱም አይበቃም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜ የሚያስተላልፈው ከ500 ብር ያልበለጠ ነገር ነው። በ500 ብር ዛሬ አንድ ደህና ጌጅ አይገዛም፤ እንኳን ድርጅት። በራሱ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜም ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ ጽሑፍ መሆን አለበት፤ የአባትሽ ቀኝ እጅ ደግሞ አልተመለሰም። የቀረው በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው፦ ሌላ ሰው ይጽፋል፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ እዚያው ይፈረማል። ከእናንተ ከሦስታችሁ ማንም ምስክር አይሁን፣ ጸሐፊም አይሁን። የሐኪም ማስረጃ ይያያዝበት፤ ስትሮክ መትቶት ነበር የሚል ሙግት ነገ እንደሚመጣ ማወቅ ነቢይነት አይጠይቅም። ኑዛዜው አንቺን ባይመርጥም እንኳ ይጻፍ። ይህን የምልሽ የአንቺ ጠበቃ ስላልሆንኩ ነው።

አባትሽን ስታናግሪው እንዴት ትጀምሪ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ስለ አንቺ አትጀምሪ። ስለ ሥራው ጠይቂው። እንዴት እንደጀመረ፣ የመጀመሪያውን የማነጻጸሪያ ሚዛን ድንጋይ ከየት እንዳገኘ፣ አልፈርምም ብሎ የመለሰው ደንበኛ ማን እንደነበረ። እንደዚህ ያለ ደንበኛ የሌለው የመለኪያ ሰው የለምና ይኖረዋል። በስልክሽ ቅጂው። ቀኝ እጁ የማይጽፈውን አንደበቱ ይናገረው፤ አንቺ ጻፊው። የትኛው አቅራቢ ይታመናል፣ የትኛው ፋብሪካ ጌጁን በስንት ወሩ ይገድላል፣ የትኛው መሣሪያ በክረምት እርጥበት ይዋሻል፣ ይህ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛ ስትሮክ ቢመጣ አብሮት ይሄዳል። ከታላቅ ወንድምሽ ጋር ያለው የበኩርነት ነገር በዚህ ወሬ መሃል በራሱ ይነሣል። ሲነሣ ያሰብሽውን በግልጽ ንገሪው፦ «አባዬ፣ ወንድሞቼ ባለድርሻ ይሁኑ፤ ሥራውን እኔ ልምራው፤ የሁለት ዓመት ጊዜ ስጠኝ፣ ካልሆነልኝ ከውጭ ሰው እንቅጠር።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከልብሽ ከሆነ ብቻ ተናገሪው። ሦስታችሁም የማትችሉት ከሆነ አንድ የሚችል ሰው ቀጥሮ መቀመጥ ለቤተሰብ ነውር አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አባትሽ በቃሉ ቢጸናስ? ይጸና ይሆናል። የእሱ ድርሻ የእሱ ነው፣ መብቱም ነው። ያን ጊዜ የራስሽን መክፈት አማራጭ ነው፣ አልከለክልሽም። ግን በሦስት ነገር ተጠንቀቂ። የደንበኛ ዝርዝር ይዘሽ አትውጪ። የድርጅቱን ማነጻጸሪያ መሣሪያ ለራስሽ ሥራ አንድ ቀንም አትጠቀሚ። ከሠራተኞቹም ማንንም አባትሽ ሳያውቅ አትጥሪ። ለመጀመሪያው ዓመት ሰርተፊኬት መስጠት ትተሽ ጥገናና ዕቃ አቅርቦት ላይ ብትቆዪ ይሻላል፤ የላቦራቶሪ ዕውቅና ጊዜና ገንዘብ ይበላል፣ ያለ ዕውቅና የሚሰጥ ወረቀት ደግሞ ከታናሽ ወንድምሽ ወረቀት ብዙም አይለይም። የእናትሽን ውርስ ማጣራት ግን ብትወጪም ብትቆዪም አታቋርጪው፤ መነሻ ካፒታልሽ ከዚያ ሊመጣ ይችላል።